ዋንጫችሁን ውሰዱልኝ

ሰው ሲሞት ዋንጫ የሚሸልም ጥበብ የትኛው ነው? ልብ ወለድ ስናነብ ዋናው ገጸ ባሕሪ ነፍሱ ስትወጣ ከገጹ ጥግ «እንኳን ደስ አለህ! ምዕራፍ ስድስትን ጨርሰሃል» የሚል ወረቀት ብቅ አይልም። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰዉ እያለቀሰ ሳለ መብራት አብርቶ ሜዳሊያ የሚያድል ሰውዬ ቢመጣ ተጎትቶ ይወጣል። ጌም ላይ ግን ይሄ የዘወትር ነገር ነው። ለምደነዋል፤ እንደውም ከሌለ «ምን ጎደለ?» እንላለን።

«ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2»ን ያልጨረሳችሁ ይህችን አንቀጽ ዝለሏት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጌም ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው አርተር ሞርጋን የሚባል ሽፍታ ታሪክ። ከእሱ ጋር ስትጋልቡ፣ ስትዘርፉ፣ ዓሣ ስታጠምዱ፣ ጢሙን ስትላጩለት ሳምንታት ይሄዳሉ። መጨረሻው አካባቢ ፈረሱ ተመትቶ ይወድቃል። ጠላት ከኋላ እየመጣ፣ ጓደኛው «እንሂድ!» እያለው፣ አርተር ይመለስና አጠገቡ ተንበርክኮ ያመሰግነዋል። ብዙም ሳይቆይ እሱ ራሱ ይሞታል። ምዕራፉ ሲዘጋ ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ነገር ቲን ይላል፦ ዋንጫ። ምዕራፍ 6ን ስላጠናቀቃችሁ። ማን ነው እንኳን ደስ አላችሁ የሚለን? ስለ ምኑ?

እንግዲህ ክርክሬ ይሄ ነው፦ ከጌም ተመስጦ የሚያወጣን ጌሙ የማይችለው ነገር አይደለም፤ ጌሙ የሚቆጥርብን ነገር ነው። ጌመሮች ስንሰባሰብ የምናማርረው ስለማይከፈት በር፣ ስለማይታየው ግድግዳ፣ ስለ ሎዲንግ ነው። «ካርታው ትንሽ ነው»፣ «ይሄ በር ለምን ውሸቱን ተሣለ?» እንላለን። ሌባው ግን በሌላ በር ገብቶ ኪሳችን ውስጥ ነው።

ተመስጦ ስል መታለልን ማለቴ አይደለም። ጆይስቲክ ይዞ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሶፋ ላይ መቀመጡን ያውቃል። ኬቲ ሳለንና ኤሪክ ዚመርማን በ2003 በወጣው «ሩልስ ኦቭ ፕሌይ» መጽሐፋቸው ውስጥ፣ ፍጹም ጌም ማለት ተጫዋቹ ጌም መሆኑን የሚረሳበት ነው የሚለውን እምነት ስሕተት ብለው ሞግተውታል፤ እኔም እስማማለሁ። ተመስጦ ማለት የምታደርጉትን ነገር በዚያው ዓለም ምክንያት ማድረግ ነው። ፈረሱን የምታበሉት ስለራበው ነው። ተራራው ላይ የምትወጡት ማዶው ምን እንዳለ ለማየት ነው። ምክንያቱ እዚያው ውስጥ እስካለ ድረስ ገብታችኋል። ምክንያቱ ወደ ውጭ ሲወጣ እናንተም አብራችሁት ትወጣላችሁ።

የተረትን ነገር አስቡት። አያት «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለን ነው የምንገባው። ያ ዓለም ውስንነቱ ይሄ ነው አይባልም። አያ ጅቦ ከሚላት ቃል ውጪ ሌላ አይናገርም፣ ከተራራው ጀርባ ምንም የለም፣ ወንዙ ስም የለውም፣ አህያዋ ከየት እንደመጣች የሚነግረን የለም። አንዳችንም ግን «ይሄ ዓለም ጠባብ ነው» ብለን ተነሥተን አልወጣንም። አሁን አጠገባችን አንድ አጎት ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ቢቀመጥና በየመሀሉ «ጎሽ! ከአምስቱ ጅቦች ሦስቱን ሰማችሁ፤ ሁለት ይቀራችኋል» ቢለንስ? ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል። ተረቱን ግን ገደለው። ከዚያ በኋላ አያ ጅቦ ሲመጣ የምንፈራው ጅብ መሆኑ ይቀርና አራተኛው መሆኑን እንቆጥራለን።

ደብተር የያዘው አጎት ድሮም ነበር፤ ብቻ ድሮ ከቤት ውጭ ነበር የሚቀመጠው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አክቲቪዥን በአታሪ 2600 ጌሞቹ የተወሰነ ነጥብ ላመጣ ሰው የጨርቅ ባጅ ይልክ ነበር። ተጫዋቹ የቴሌቪዥኑን ስክሪን ፎቶ ያነሣል፣ ያሳጥባል፣ በፖስታ ይልካል፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ባጁ ሲደርሰው ጃኬቱ ላይ ይሰፋዋል። ቆንጆ ነገር ነው፤ ማንንም ከየትም አላስወጣም። በ2005 ኤክስቦክስ 360 አቺቭመንትን ይዞ መጣ፣ በ2007 ስቲም ጨመረው፣ በ2008 ፕሌይስቴሽን 3 «ትሮፊ» ብሎ ተከተለ። ትልቁ ለውጥ ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። ነጥቡ ከጌሙ ወጥቶ አካውንት ውስጥ ገባ። የፓክማን ነጥብ ስለ ፓክማን ነው የሚያወራው። የአካውንቱ ነጥብ ስለ እናንተ ነው የሚያወራው፤ በኩባንያው መዝገብ፣ በኩባንያው ሚዛን፣ ለማያውቋችሁ ሰዎች። የአሥር ዓመት ዋንጫ አንድ አካውንት ውስጥ ያከማቸ ሰው ደግሞ ሌላ ኮንሶል ለመግዛት ሁለት ጊዜ ያስባል። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና... የተባለው ዝም ብሎ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ በፕሌይስቴሽን ቤት ያደግን ልጆች ይሄን ለመረዳት ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ነን። ፕሌይስቴሽን 2 ዋንጫ የሚባል ነገር አልነበረውም። ኮፒ ዲስክ፣ አንድ ጎኑ የላላ ጆይስቲክ፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቁ አራት ልጆች፣ «በዚህ ግባ! ኧረ በዚህ!» የሚል ጩኸት። በሰዓት ነው የሚከፈለው። እኔ የምሄድበት ቤት ሚሞሪ ካርድ የለም፤ ስለዚህ ሴቭ ማድረግ የለም። «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ»ን ያወቅነው በየቀኑ ከመጀመሪያው እየጀመርን ነው። በየቀኑ ሲጄ ከፖሊስ መኪና ተገፍትሮ ይወጣል፣ በየቀኑ ያቺን ሳይክል ያነሣል፣ በየቀኑ ወደ ግሮቭ ስትሪት ይፔድላል። ከዚህ የባሰ ውስንነት ከየት ይመጣል? የጌሙን ሩብ እንኳ ያላየን ብዙ ነን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሩቡም ይጠፋል።

ግን ንገሩኝ፣ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የተመሰጣችሁበት ጌም አለ? ሳን አንድሪያስ ውስጥ ሚሽኖቹን ካልገፋችሁ ከሎስ ሳንቶስ ውጪ ያሉት ከተሞች ዝግ ናቸው። የተዘጋውን ክልል ስትጥሱ ወዲያው አራት ኮከብ ይወጣባችኋል፤ ፖሊስ ይግተለተላል፣ ሄሊኮፕተር ይመጣል። እኛ ሰፈር ይሄ ጨዋታ ሆነ። ሴቭ ስለሌለ የቀሩት ከተሞች በሕጋዊ መንገድ ሊከፈቱልን አይችሉም፤ ስለዚህ የተከፈለበት ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መኪና ሰርቀን ድልድዩን ጥሰን እንገባለን፤ ከመሞታችን በፊት ምን ያህል ርቀን እንደምንሄድ ነው ውድድሩ። አንድ ልጅ ጫካው ውስጥ ሞተር ሳይክል ይዞ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ያየው ነገር አለ። ያንን ማንም አልመዘገበውም። ዝርዝር ላይ አልነበረም፣ ቲን አላለም፣ ከዓለም ስንት በመቶው ተጫዋች እንዳደረገው የሚነግረን የለም። እኛው አወጣነው፣ እኛው ዳኘነው፣ ሰዓቱ ሲያልቅ እኛው ትተነው ወደ ቤት ሄድን።

ሮክስታር ያንን ድልድይ በማይታይ ግድግዳ ሊዘጋው ይችል ነበር። ግን ፖሊስ አደረገው። ገደቡ የከተማዋ ገደብ ሆነ፤ ሊደፈር የሚችል፣ የሚያስፈራ፣ ሰበብ ያለው።

የዚህ ዓይነቱ ትልቁ ምሳሌ የ1999ኙ «ሳይለንት ሂል» ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሰፊ ከተማ በአንዴ መሣል አይችልም። ሠሪዎቹ የማሽኑን ድክመት በጉም ሸፈኑት። ጥቂት ሜትር ወደፊት ታያላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነጭ ነው፤ ከነጩ ውስጥ የሆነ ነገር ይራመዳል። ድክመቱ ፍርሃት ሆነ። በ2012 የሳይለንት ሂል 2 እና 3 ኤችዲ እትም ሲወጣ ጉሙ ሳስቶ የካርታው ዳር፣ ያላለቀው ነገር ሁሉ ገሀድ ወጣ፤ የጌሙ ወዳጆችም ቁጣቸውን ዛሬም አልረሱትም። አያችሁ ነገሩን? ውስንነቱ ሲነሣ ነው ተመስጦው የፈረሰው። በ2024 ሳይለንት ሂል 2 እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ማሽኑ ከተማውን በሙሉ ማሳየት እየቻለ፣ ጉሙ በቦታው ተቀምጧል። የ1996ቱ «ሬዚደንት ኢቭል»ም በር በከፈታችሁ ቁጥር በሩ በጨለማ ውስጥ ቀስ እያለ ሲከፈት ያሳያችኋል። ሎዲንግ ነው እኮ! ዲስኩ እስኪያነብ ነው። እኛ ግን ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ እያሰብን ነበር የምንጠብቀው። የቅኔ ተማሪ ይሄን ነገር ለማስረዳት አያስቸግርም፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ መሆኗን እንደ ጉድለት የቆጠረ መምህር ሰምቼ አላውቅም።

ሁሉም ገደብ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። «ስካይሪም» ውስጥ የካርታው ዳር ስትደርሱ በዚያ በኩል መሄድ አይቻልም የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ተራራው አልከለከላችሁም፣ በረዶው አልከለከላችሁም፤ ቢሮው ነው የከለከላችሁ። ወደ ሬድ ዴድ 2 ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከሚሽን ውጪ ስትሆኑ ያ ዓለም ከተሠሩት ሁሉ ሰፊው፣ ታጋሹ ነው። ሚሽን ስትጀምሩ ግን በዚህ መንገድ ሂዱ፣ እዚህ ጋ ቁሙ፣ ይሄን ተኩሱ ነው። ከጎን ልዙር፣ ከኋላ ልግባ ብላችሁ ፈቀቅ ስትሉ ሚሽኑ ከሸፈ ይባላል። ሲያልቅ ደግሞ የወርቅ ሜዳሊያ መስፈርት አለው፦ በዚህን ያህል ደቂቃ ጨርስ፣ ይህን ያህል ጭንቅላት ላይ ምታ፣ መድኃኒት አትጠቀም። የሚሞት ሰው ታሪክ ውስጥ የጭንቅላት ምት ቆጠራ!

መጥፎው ገደብና ዋንጫው የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት በአንድ ድምፅ ነው፤ ከዓለሙ ውጪ ባለ ድምፅ። አንደኛው «እንደዚህ አይደለም» ይላል፣ ሌላኛው «ጎሽ፣ እንደዚህ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚሉት በኛ ላይ እምነት እንደሌላቸው ነው። ዝም ቢሉን የምንሠራው ነገር የምናጣ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ውስንነት ላይ የምንጮኸው ጩኸት ግማሹ አቅጣጫውን የሳተ ነው። ጉሙን ተዉት። ከጉሙ ኋላ ሆኖ የሚያወራውን ሰውዬ ነው ማስወጣት።

«ምን አገባህ፣ ሽልማት ማን ይጎዳል?» ለሚለኝ የድሮ ጥናት አለኝ። በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪን እና ሪቻርድ ኒስቤት ስታንፎርድ ያለ መዋእለ ሕፃናት ውስጥ ሥዕል መሣል የሚወዱ ልጆችን መርጠው ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን ከሣላችሁ ሽልማት አለ ተባለ። ሁለተኛው ምንም ሳይነገረው ከሣለ በኋላ ሽልማቱን ድንገት አገኘ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ሽልማቱ የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለበት ወረቀት ነበር፤ ስሙን ስትሰሙ ትስቃላችሁ፦ «የጎበዝ ተጫዋች» ሽልማት። ከቀናት በኋላ ቀለሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ልጆቹን ዝም ብለው አዩአቸው። ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ከሌሎቹ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ብቻ ሣሉ። ድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። የሚጎዳው ሽልማቱ አይደለም ማለት ነው፤ ቀድሞ የተለጠፈው ዝርዝር ነው። የኛ ዋንጫ ደግሞ ጌሙን ከመክፈታችን በፊት ዝርዝሩ ተለጥፎ የሚጠብቀን ነው።

ነገሩ የሕሊና ምርጫ ላይ ሲደርስ አስቀያሚ ይሆናል። በ2007ቱ «ባዮሾክ» ትንንሽ ሴት ልጆችን ለማዳን ወይም ለጉልበታችሁ ስትሉ ለመሥዋዕት ለማቅረብ ትመርጣላችሁ። ማዳን ያስከፍላል፤ ምርጫውን ምርጫ የሚያደርገውም ያ ነው። ግን አንዷንም ሳይጎዳ ጌሙን ለጨረሰ ሰው አቺቭመንት አለው። ደግነታችን ዋጋ ወጣለት። በ2010ሩ የመጀመሪያው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን» ደግሞ ተቃራኒው አለ፦ ሴት አስሮ ባቡር ሐዲድ ላይ አስተኝቶ ባቡሩ ሲያልፍባት ቆሞ ላየ ሰው ሽልማት። ቤተሰቡን ለማስመለስ የሚንከራተተው ጆን ማርስተን ያንን ለምን ያደርጋል? አያደርግም። የሚያደርገው ዝርዝሩ ነው፤ እጁ ብቻ የጆን ነው። «ሻዶ ኦቭ ዘ ኮሎሰስ»ስ? በ2005 ሲወጣ አሥራ ስድስት ግዙፍ ፍጡራን፣ ባዶ ሜዳ፣ አንድ ፈረስ። ግዙፉ ሲወድቅ የድል ሙዚቃ አይሰማም፤ ሙሾ ነው የሚሰማው። በ2011 ለፕሌይስቴሽን 3 ታድሶ ሲመጣ ዋንጫ ተጨመረበት። ለቅሶ ቤት ውስጥ ዋንጫ።

እሺ፣ ከሌላው ወገን የሚነሣውንም ልስማ። የመጀመሪያው የዋንጫ አዳኞች ነገር ነው። መቶ በመቶ መሙላት ራሱ ጨዋታቸው የሆነ ጓደኞች አሉኝ፤ ያንን ደስታ አልቀማቸውም። አንዱ የነገረኝ ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም፦ «እኔ በዓመት አንድ ጌም ነው መግዛት የምችለው። ዝርዝሩ ባይኖር በሁለት ሳምንት አልቆ ቁጭ እል ነበር።» ይሄ የእኛ አገር እውነት ነው፤ በዶላር የሚገዛ ጌም ለኛ ቀልድ አይደለም። ግን ሚሞሪ ካርድ ያልነበራቸው ልጆች አንድ ዲስክ ላይ ስንት ዓመት እንደኖሩ አይቻለሁ። ዕድሜ ያራዘመላቸው የራሳቸው ጭንቅላት ነበር። ዝርዝሩ የሚያራዝመው ጌሙን ሳይሆን ዝርዝሩን ነው።

ጥሩ አቺቭመንትም አለ፤ አልክድም። «ሃፍ ላይፍ 2፦ ኤፒሶድ ቱ» ላይ አንድ የአትክልት ቦታ አሻንጉሊት ከጌሙ መጀመሪያ አካባቢ አንሥታችሁ፣ በጦርነቱ መሀል ተሸክማችሁ፣ ክፍት መኪና ላይ ጭናችሁ፣ በየመታጠፊያው ሲወድቅ እየለቀማችሁ፣ መጨረሻ ሮኬት ውስጥ መክተት አለ። እብደት ነው፤ ግን እብደቱ እዚያው ዓለም ውስጥ፣ በእጃችሁ የሚሠራ ነው። በ2013 የወጣው «ዘ ስታንሊ ፓራብል» ደግሞ ጌሙን ለአምስት ዓመት ላልተጫወተ ሰው ነው ዋንጫ የሚሰጠው። እንዲህ ያለው ሲገኝ ግን ሥርዓቱን ራሱን የሚያሾፍበት ነው። «አንደርቴል»ም በ2015 ስቲም ላይ ሲወጣ አንድ አቺቭመንት አልነበረውም፤ ያገኘውን ሁሉ ገድሎ የሚጨርስን ተጫዋች ደግሞ ፊት ለፊት «ይሄን የምታደርገው ስለሚቻል ብቻ ነው» የሚል ዓይነት ነገር ይነግረዋል። በ2017 ወደ ፕሌይስቴሽን 4 ሲመጣ ዋንጫ ተጨመረለት፤ ከፊሉ የሚገኘው የውሻ መቅደስ ውስጥ ሳንቲም በመወርወር ነው። ከዚህ በላይ ስድብ የለም።

ኒንቴንዶ ስዊች ላይ ሁሉንም ጌም የሚያያይዝ የአቺቭመንት ሥርዓት የለም። የ2017ቱ «ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ» ውስጥ የተደበቁ 900 ዘሮች አሉ። ዘጠኝ መቶውን በሙሉ ለለቀመ ሰው የሚሰጠው ሽልማት የወርቅ እበት የሚመስል ነገር ነው። ሰዎች ተናደዱ። እኔ ግን ለቆጠራ በሽታ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የታዘዘ አይመስለኝም፤ ከተራራው ላይ አንዱን ድንጋይ አንሥታችሁ ዘር ስታገኙ ደስ ካላችሁ ተከፍሏችኋል፣ ካላላችሁ ደግሞ እንኩ እበት።

«ታዲያ አጥፋው!» የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ኖቲፊኬሽኑን ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ አጥፍቼዋለሁ። ቆጠራውን ግን ማጥፋት አይቻልም። ዝም ብሎ ይመዘግባል። ሰው ያየኛል ብሎ ማሰብና ሰው አያየኝም ብሎ ማሰብ አንድ አይደለም፤ የሚያየው ሰው ዝም ቢል እንኳ። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ጌሙ ሲጀምር ቋንቋና ድምፅ እንደሚያስመርጠን ሁሉ «ይቆጠር?» ብሎ ይጠይቀን። አይ ያልን ሰዎች ታሪኩ አልቆ ስሞቹ እስኪወርዱ ድረስ ዝርዝሩ የሚባል ነገር አይድረሰን። ከዚያ በኋላ መመለስ የፈለገ አዳኝ ይመለስ፤ ጫካው የትም አይሄድም።

ይሄንን የሚያነቡ፣ አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ዳር ላፕቶፕ ላይ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጌም የሚሠሩ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ትምህርት ገና ገጸ ባሕሪው መራመድ ሳይጀምር የአቺቭመንት ዝርዝር እንዴት እንደሚጨመር ሊያሳያችሁ ይችላል። ያንን ክፍል እለፉት። እናንተ ያላችሁ ሌላ ነገር ነው፦ ቦታው የሞላ ስልክ፣ ውድ ዳታ፣ ሦስት ሰው፣ አንድ ሠዓሊ። ማሽኑ ሩቅ መሣል አይችልም አይደል? ሐምሌ ላይ ጠዋት እንጦጦ ውጡ። ከባሕር ዛፎቹ መሀል ቆማችሁ ስንት ሜትር እንደሚታያችሁ ቁጠሩ፤ ከነጩ ውስጥ ምን ሲራመድ እንደሰማችሁም ጻፉ።